የተዛነፈው ዜሮ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቴ አገኘችኝና፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ይህን ሁሉ ዘመን ቁልፍ ስትጫኚ ኖረሻል፤ አሁን እረፊ» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ትወደኛለች። «አሚን» ብዬ ሽንኩርቴን አስመዝኜ ሄድኩ። ዳገቱን ስወጣ ግን «ቁልፍ ስትጫኚ» ያለችው አብሮኝ ወጣ። ራጅ ማንሣት ቁልፍ መጫን ቢሆን ኖሮ ጋሽ ኤርሚያስ እኔን ለማሠልጠን ሁለት ዓመት ባልፈጀባቸው፣ የፋጤም እግር ባልተጎተተ ነበር። ቤቴ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራ የገባሁት ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ነው። ጦርነቱ አለቀ ቢባልም ጥይቱና የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪው በሰው ገላ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ወታደር የነበረው፣ ገበሬው፣ መንገድ ላይ ያገኘው መንገደኛ ሁሉ ደሴ ይመጣል። በምሠራበት ሆስፒታል የነበረው የራጅ ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ኤርሚያስ ይባላሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ፊልም በሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝሙር ያዜማሉ። መዝሙሩ ከተሰማ በሩን የሚከፍት የለም፤ መብራት ገብቶ ፊልሙ ይቃጠላላ።

ጠባያቸውን ልንገራችሁ። የደሴ ጠዋት ብርድ የታወቀ ነው፤ ፊልሙ የሚገባበት የብረት ካሴት በረዶ ይሆናል። ጋሽ ኤርሚያስ ካሴቱን ከጋዋናቸው በታች ሆዳቸው ላይ ለጥፈው ሳያሞቁት የበሽተኛ ጀርባ አያስነኩም። በሽተኛውን «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲሉ የራሳቸውንም ይይዛሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በሽተኛው ፈርቷል፤ እኔ ካልነገርኩት ሳይተነፍስ ይቀራል» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ሰው ነኝ፣ እረሳለሁ። ደረቴ ሲጨንቀኝ ግን አልረሳም።»

ከሁሉ የበለጠው የጠዋት ሥራቸው ነበር። ገና በሽተኛ ሳይገባ ከቁም ሣጥን ሦስት ነገር ያወጣሉ፦ አንድ ክንድ ቁመት ያለው የእንጨት ሣጥን፣ ሁለት የብረት ቀለበትና አንድ የግንበኛ ቱንቢ። አንዱን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላውን ሣጥኑ አናት ላይ ያደርጋሉ። ሁለቱ በልክ አንዱ ካንዱ በላይ መሆናቸውን በቱንቢው ክር ያረጋግጣሉ። ከዚያ ጨረሩ የሚወጣበትን የማሽኑን ራስ በዲግሪ መለኪያው ዜሮ ላይ አድርገው አንዲት ቁራጭ ፊልም ያነሣሉ። ጨረሩ በእርግጥ ቀጥ ብሎ ከወረደ የሁለቱ ቀለበቶች ጥላ መሐል ለመሐል ይገጥማል። ካልገጠመ ማሽኑ «ዜሮ ነኝ» እያለ ዘንበል ብሏል ማለት ነው። ያኔ ስንት ዲግሪ እንደተዛነፈ አስልተው፣ በእርሳስ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና የዕለቱን ሥራ ሁሉ ያንን እየቀነሱ ይሠራሉ።

ለደረትና ለተሰበረ ክንድ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ልፋቱ ለፍንጣሪ ነበር። አንድ ፊልም ብረቱ ሰውየው ውስጥ መኖሩን ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደጠለቀ አይናገርም። ስለዚህ የጨረሩን ራስ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ዘንበል አድርገን ደጋግመን እናነሣለን። ለፊልሙ የቀረበ ብረት ጥላው ትንሽ ይሄዳል፤ የራቀው ብዙ ይሄዳል። ከዚያ በወረቀት ላይ መስመር አስምረን መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ እንፈልጋለን። ችግሩ ዳሌና ትከሻ ላይ ነው። እዚያ ሙሉ በሙሉ ከጎን ማንሣት አይቻልም፤ ሌላው አካል ይጋርዳል፣ ወይ በሽተኛው በጎኑ መተኛት አይችልም። ያ ወገን ባዶ ይቀራል።

«ያላየነውን በግምት ነው የምንሞላው» ይሉኝ ነበር ጋሽ ኤርሚያስ። «ግምት ኃጢአት አይደለም፤ ሐኪም ሁሉ ይገምታል። ግን ያየሽው ዘንበል ብሎ ሳለ ቀጥ ያለ መስሎሽ ከገመትሽ፣ ጉድጓዱን የምትደፍኚው ጉድጓድ በሌለበት ነው። መጀመሪያ ዘንበሉን አስተካክይ።»

«እሺ ጋሼ» እላለሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሆስፒታሉ ሌላ ማሽን ሲመጣ አሮጌው ለኮምቦልቻ ተሰጠ፤ እኔም ከእሱ ጋር ተመደብኩ። ማሽኑ በጭነት መኪና ተጭኖ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ እኔ ከኋላ በሚኒባስ ነበርኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ካሴት ማሞቅ የለም፤ ክፍሉ የእኔ ነው፤ በሩ ላይ ስሜ ተለጥፏል። የእንጨት ሣጥኑ ግን የጋሽ ኤርሚያስ ስለሆነ ደሴ ቀረ። «አናጢ ጋ ሄጄ አሠራለሁ» እያልኩ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ማሽኑ ያው የማውቀው ማሽን ነው። የዲግሪ መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ቆሞ ይታየኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ፋጤ መጣች። እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ የምትሰፋ፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ከተከመረ ጆንያ ላይ ስትወርድ አዳልጧት በመስፊያው መርፌ ላይ ተቀምጣ፣ መርፌው ዳሌዋ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። በጎኗ መተኛት አልቻለችም።

«አብሽሪ፣ እናገኘዋለን» አልኳት።

«አንቺ ሴት በመሆንሽ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። «ወንድ ቢሆን መርፌዬን ይዤ ቤቴ እመለስ ነበር።»

አራት ጊዜ ዘንበል እያደረግኩ አነሣኋት። መስመሬን አሰመርኩ፤ ነጥቡን አገኘሁ፤ ቆዳዋ ላይ በቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረግኩና ጥልቀቱን በጣት ልክ ጻፍኩ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሰዒድ ያኔ ገና ወጣት ነበር። ያልኩት ቦታ ላይ ቀደደ። መርፌው የለም። ትንሽ አሰፋው። የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለገ፤ ደም በዛ፤ በመጨረሻ ሰፍቶ ዘጋው። ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ያዘና፣ «ዘይነብ፣ ወላሂ ያልሽው ቦታ ምንም የለም» አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

መርፌው በኋላ ደሴ ተወስዳ ወጣላት። ግን ሲፈለግ ይሁን ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወደ እግሯ የሚሄደው ነርቭ ተጎድቶ ነበር። ግራ እግሯ ከዚያ በኋላ ይጎተታል።

በዘመኑ ወግ ግምገማ ተጠራ። ግማሹ ጥፋቱን በጭነት መኪናው፣ ግማሹ በሐኪሙ ላይ ሊያደርገው ፈለገ። እኔ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው በማግስቱ ጋሽ ኤርሚያስ ሣጥኑን በጆንያ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ከደሴ ወርደው በሩ ላይ መቆማቸውን ነው። «ደህና አደርሽ» አሉና ገቡ። ቀለበቶቹን አስቀመጡ፣ ቱንቢውን ጣሉ፣ «አንሺ» አሉኝ። ፊልሙን አጥቤ ስወጣ ሁለቱ ጥላዎች ሦስት ጣት ያህል ተራርቀው ነበር። አራት ዲግሪ። በሐረጎ ቁልቁለት የመለኪያው መርፌ ብሎን ላልቶ መንሸራተቱ ነው። ማሽኑ ዜሮ እያለ አራት ዲግሪ አጋድሎ ነበር፤ እኔ ያሰመርኩት መስመር ሁሉ ከዚያች ውሸት የተነሣ ነበር።

አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ ፊልሙ እስኪደርቅ ጠበቁና፣ «ቤቷን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

ፋጤ በር ላይ ጆንያ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ከጋሽ ኤርሚያስ ጋር ገብተን፣ «እትዬ ፋጤ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፉ በይኝ» አልኳት።

ጆንያውን ወደ ጎን ገፋችው። «ከምን የመጣ ጥፋት ነው?» አለች። «አሏህ ያመጣው ነው እንዳትዪኝ፤ እሱን ጎረቤቱ ሁሉ ብሎኛል። አንቺ ያጠፋሽውን ንገሪኝ።»

ወደ ጋሽ ኤርሚያስ ዞርኩ። ጋሽ ኤርሚያስ ሁለቱን ቀለበቶች ከኪሳቸው አውጥተው፣ በሩ ላይ በሚወርደው ፀሐይ አንዱን ካንዱ በላይ ይዘው ጥላው እንዴት እንደሚሸሽ አሳዩዋት። ፋጤ ጎንበስ ብላ አየች። ቀለበቶቹን ከእጃቸው ተቀብላ ራሷ ሞከረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይህን ለማየት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ።

«ሩብ ሰዓት» አልኳት።

«ሩብ ሰዓት» አለች። ቀለበቶቹን ለጋሽ ኤርሚያስ መለሰችና፣ «አፉ ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ግን ሌላ ሰው ላይ አትድገሚው። ሁለተኛ አፉ የለኝም።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ መዝገብ ይወድ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ። ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤት ለውጥ መጥቶ ወንበራችንን ሁሉ ሲያዟዙር እኔ ደሴ ተመልሼ፣ ዞሬ እንደገና ኮምቦልቻ ተመደብኩ። ጋሽ ኤርሚያስ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሻሼን አጥብቄ ከሴት ልጃቸው ጎን ቆምኩ። ሲዘመር አንዱን መዝሙር ከጨለማው ክፍል አውቀው ነበርና ሳላስበው ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ልጃቸው አይታኝ በእንባዋ መሐል ሳቀች።

በሥራዬ መገባደጃ ፊልም የሚባል ነገር ቀረ። ኮምቦልቻ የመጣው አዲሱ ማሽን ምስሉን በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይጥላል፤ ዲግሪውንም በመርፌ ሳይሆን በሚበራ ቁጥር ያሳያል። በዚያው ሰሞን ናሆም የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር መጣ። ኮምፒውተር የተማረ፣ ቀልጣፋ፣ ሲያወራ እጁን የሚያወናጭፍ ልጅ ነው። እኛ በወረቀትና በመስመር የምንለፋበትን የሚሠራ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ከብዙ ማዕዘን የተነሡትን ምስሎች አጋጥሞ የሰውን ገላ እንደ ዳቦ ቆርጦ ያሳያል። ማንሣት ያልቻልነውንም ወገን እዚያው ይሞላዋል።

ወረቀት ላይ ክብ ሥሎ፣ ከግራና ከቀኝ ቁራሽ ቁራሽ እንደተነሣለት ድፎ ዳቦ አድርጎ አሳየኝ። «እትዬ ዘይነብ፣ እነዚህ ሁለት ቁራሾች ናቸው የጎደሉት። በጎደሉት አቅጣጫ ምስሉ ይለጠጣል፤ ክቡ ነገር እንቁላል ይመስላል። ፕሮግራሜ ልጥጡን ሰብስቦ ባዶውን ይሞላል።»

«የጎደለው የት እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«እርስዎ ከሚሰጡት ዲግሪ ነዋ!»

መሪጌታ ልሳነወርቅ የመጡት ያኔ ነው። የኩታበር ሰው ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። በዚያ በደርግ ዘመኑ ጦርነት የገባ ፍንጣሪ ቀኝ ትከሻቸው ውስጥ ዝም ብሎ ሲኖር ኖሮ ከአንድ ዓመት ወዲህ ክንዳቸው እየደነዘዘ፣ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣ ብሏቸዋል። ዶክተር ሰዒድ፣ አሁን ፀጉሩ የሸበተውና ደሴ የተዛወረው፣ ብረቱ ከትከሻ አጥንቱ ፊት ይሁን ኋላ ማወቅ ፈለገ። ከፊት ከሆነ በብብት በኩል፣ የክንድ ነርቮች በተሰበሰቡበት መግባት ሊኖርበት ነው። ከኋላ ከሆነ በጀርባ ይገባል። ተሳስቶ በብብት ቢገባና ብረቱ እዚያ ባይኖር፣ ሲፈልግ ክንዳቸው ጨርሶ ሽባ ሊሆን ይችላል።

የዚያን ዕለት መብራት በፈረቃ ነበር። ሣጥኔን ሳወጣ ናሆም ሰዓቱን እያየ፣ «እትዬ፣ ዲግሪው እኮ በቁጥር ተጽፏል፤ ማሽኑ ራሱን ያስተካክላል። መብራቱ ሊሄድ ነው፤ እኚህ አባት ከኩታበር ድረስ መጥተው ሊመለሱ ነው?» አለኝ። መሪጌታን አየኋቸው፤ ሕመሙ ፊታቸው ላይ ነበር። ሣጥኑን መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

አሥራ አንድ ጊዜ አነሣኋቸው። እንደጨረስኩ መብራቱ ሄደ፤ ሲመለስ ደግሞ በኃይል መጥቶ የማሽኑን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አቃጠለው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል ተባለ። ደሴም እንዲህ ከብዙ ማዕዘን የሚያነሣ ማሽን ስላልነበረ፣ ያሉን ምስሎች እነዚያ ብቻ ሆኑ።

በማግስቱ ደሴ፣ ዶክተር ሰዒድ ቢሮ ውስጥ ናሆም ኮምፒውተሩን ከፈተ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ምስል አይቼ አላውቅም። አጥንቱ ጥርት ብሏል፤ ብረቱ ከአጥንቱ ፊት ለፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዶክተር ሰዒድ፣ «በቃ፣ በብብት ነው» አለ። ነርስ ጠርቶም ለነገ ጠዋት አስመዘገበ።

እኔ ግን ዓይኔ ከታች ነበር። በሽተኛ ሳነሣ ቀኝና ግራን የሚያመለክቱ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ሁለት ፊደሎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚተኙ ከፍታቸው እኩል መሆን አለበት። ምስሉ ላይ የግራው ከፍ፣ የቀኙ ዝቅ ብሏል። ፋጤ በሩ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ።

«ናሆም፣ ጠረጴዛዬ ተዳፍቷል» አልኩት።

«የቱ?»

«ፊደሎቹን እያቸው። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ አይዳፋም። የተዳፋው ዲግሪህ ነው።»

ናሆም ሳቅ ብሎ፣ «ቢዳፋስ? ምስሉ ሁሉ አብሮ ነው የሚዳፋው፤ አጥንቱም ብረቱም። አንዱ ከአንዱ አይቀያየርም» አለ።

«ያየኸው አብሮ ይዳፋል። የሞላኸውስ? የጎደለው ቁራሽ በዚህ በኩል ነው ብለህ ነው የሞላኸው። ቁራሹ ግን ያለው እዚያ ነው። ልጥጡን በተሳሳተ አቅጣጫ ሰብስበኸዋል።»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከሁለቱ ፊደሎች ከፍታ ልዩነት መዛነፉን አሰላ፦ ሦስት ዲግሪ ተኩል። ከአሥራ አንዱም ምስል ላይ ያንኑ ቀንሶ፣ መጀመሪያ ምንም ሳይሞላ አጋጠማቸው። ፊደሎቹ እኩል ተኙ። ከዚያ በኋላ ብቻ ባዶውን እንዲሞላ ፕሮግራሙን ለቀቀው። ሦስታችንም ጠበቅን። ምስሉ ሲመጣ ብረቱ ከአጥንቱ ኋላ ነበር።

ዶክተር ሰዒድ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለት ሥዕል አለኝ፤ ሁለቱም ያምራሉ። የትኛውን ልመን?»

«ማማራቸውን ተወው» አልኩት። «ጠረጴዛዬ ቀጥ ያለበትን እመን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንድ ጊዜ አሳስቼህ አውቃለሁ። እርግጠኛ ባልሆን አልናገርም ነበር።»

እዚያው ሆስፒታል ወደተኙት ወደ መሪጌታ አልጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሣጥኑን መተዌን ጭምር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ «እኛም ተማሪ መነሻውን ከሳተ፣ መጨረሻው ቢያምርም እናስደግመዋለን» አሉ። «አንቺም ደግመሽዋል። እንግዲህ በጀርባዬ ይግቡ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ከናሆምና ከወይዘሮ የሺ ጋር ተቀመጥን። ናሆም ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ። ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሳትሻገር ዶክተር ሰዒድ ወጣ። በመዳፉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ዝገት የያዛት ብረት ነበረች። «ከኋላ» አለ። «እንደቀደድኩ ጣቴን ነካችው።» ናሆም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ መሪጌታ ክንዳቸውን እንዲያንቀሳቅሱ የፈቀደላቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስገባ መሪጌታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ የሺ ነጩን ጥምጣም ዘርግተው ቆመዋል። ከዓመት ወዲህ የሚጠመጥሙላቸው እሳቸው መሆናቸውን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

«ስጪኝ» አሏቸው መሪጌታ።

ጨርቁን ተቀበሉ። ቀኝ እጃቸው ቀስ እያለች ከደረታቸው ወጣች፣ አገጫቸውን አለፈች፣ ጆሯቸው ጋ ስትደርስ ቆመች። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቀጠለች። የመጀመሪያውን ዙር አዞሩ፤ ጎበጥ አለ። ሁለተኛውን አዞሩ። እያላባቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ጨረሱት። ጥምጣሙ ወደ ግራ አጋድሎ ነበር፤ ማንም ግን አልነገራቸውም። ወይዘሮ የሺ ባዶ እጆቻቸውን አየት አደረጉና፣ «እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እኔ ምን ልሥራ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ሳያልቅ ተቀምጠው አለቀሱ።